እንግሊዝኛ ስትጽፉ «ኧ»፣ «አን»፣ «ዘ» እና መስተዋድዶችን በቦታቸው እንዴት ታስቀምጣላችሁ?

አንዲት የጎረቤት ልጅ የሥራ ማመልከቻ ጽፋ «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብላ አመጣችልኝ። ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ዋናው ክፍል አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። በፊደላችን ስጽፈው እንዲህ ይነበባል፦

«አይ አም አካውንታንት። አይ ግራጁዌትድ ቢፎር ቱ ይርስ። አይ አም ጉድ ኢን ኢንግሊሽ። አይ ዎንት ቱ ዲስከስ አባውት ዘ ጆብ። አይ ዊል ካም ቱ ዩር ኦፊስ ኢን መንደይ አት ቱ ኦክሎክ።»

ግሶቹ ልክ ናቸው፤ የቃላቱ አጻጻፍም አንድም አልተሳሳተም። ያም ሆኖ በየዓረፍተ ነገሩ አንዲት ትንሽ ቃል ወይ ጎድላለች፣ ወይ ተርፋለች፣ ወይ የሌላዋን ወንበር ይዛለች። በእንግሊዝኛ ጎበዝ መሆኗን የምትናገርበት ዓረፍተ ነገር ራሱ ስሕተት አለበት።

ስሕተቶቹን አንድ በአንድ ስመረምራቸው ሁሉም ትክክለኛ አማርኛ ሆነው አገኘኋቸው። «አካውንታንት ነኝ» ስንል የጎደለ ነገር የለም። «ከሁለት ዓመት በፊት»፣ «በእንግሊዝኛ ጎበዝ ነኝ»፣ «ስለ ሥራው እንወያይ»፣ «በሰኞ ዕለት» ሁሉም ያለ እንከን ናቸው። ልጅቷ አማርኛዋን ቃል በቃል ነው ያሻገረችው። ስለዚህ ሃምሳ ደንብ ከመሸምደድ በፊት አማርኛችን የት እንደሚረዳን፣ የት ደግሞ እንደሚያሳስተን መለየት ይቀድማል። ምሳሌዎቹን በፊደላችን የማስቀምጠው ድምፃቸው እንዲሰማ ነው፤ ስትለማመዱ በላቲን ፊደል ጻፏቸው።

1. ስሙን መጀመሪያ በአማርኛ ፈትኑት

ተረት ስንጀምር ምን እንላለን? «ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ገበሬ ነበር። ገበሬው አንዲት ላም ነበረችው። ላሟ ግን ወተት አትሰጥም ነበር።» ገበሬው መጀመሪያ ብቅ ሲል «አንድ» ከፊቱ አለ፤ አድማጩ ገና አያውቀውማ። ሁለተኛ ሲመጣ «አንድ» ቀርቶ ከመጨረሻው «ው» ተቀጥሏል። ላሚቱም እንዲሁ «አንዲት ላም» ነበረች፣ «ላሟ» ሆነች። እንግሊዝኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ምልክቱን ግን ከስሙ በፊት ያስቀምጠዋል። «ዜር ዎዝ ኧ ፋርመር። ዘ ፋርመር ሃድ ኧ ካው። ዘ ካው ጌቭ ኖ ሚልክ።»

ፈተናው ይህ ነው። በአማርኛ ስታስቡት ስሙ «ኡ»፣ «ው»፣ «ዋ» ወይም «ይቱ» ከያዘ «ዘ» ጻፉ። «አንድ» ቢጨመርበት ትርጉሙ የማይናጋ ከሆነ ደግሞ «ኧ» ጻፉ። «መጽሐፍ ገዛሁ» ማለት «አይ ቦት ኧ ቡክ» ነው፤ «መጽሐፉን ገዛሁ» ግን «አይ ቦት ዘ ቡክ»። ያቺ «ን» ራሷ ጥሩ ጠቋሚ ናት፤ ተለይቶ ባልታወቀ ተራ ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ አታርፍም።

ምልክቱን ከስሙ ላይ ብቻ አትፈልጉት። አማርኛ ቅጽል ሲመጣ ምልክቱን ወደ ቅጽሉ ያዛውራል፦ «ቤቱ» የነበረው «ትልቁ ቤት» ይሆናል። «የመጣው ሰው» ስንልም «ሰው» ባዶውን ቆሞ ምልክቱ «የመጣው» ላይ ነው ያለው። በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ዘ» ይወስዳሉ፦ «ዘ ቢግ ሃውስ»፣ «ዘ ማን ሁ ኬም»።

«አንድ»ን ከ«ኧ» ጋር ማጣመሬ የማስታወሻ ዘዴ ብቻ አይደለም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የዛሬው «አን» ትርጉሙ «አንድ» ነበር፤ «ኧ» የመጣችው ከተነባቢ በፊት «ን» እየወደቀች በመሄዷ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «ልጁ» ስንል «ያ ልጅ» ማለታችን ነው ወይስ «የእርሱ ልጅ»? አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይሸፍናል፤ እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። የእርሱ ከሆነ «ሂዝ ሰን» ነው፤ «ሂዝ»፣ «ማይ»፣ «ዩር» ወይም «ዚስ» ከተቀመጡ ደግሞ «ዘ» ይነሳል። ወንበሩ አንድ ነው፣ ሁለት ሰው አይቀመጥበትም። «ዘ ማይ ሲስተር» የሚባል ነገር የለም።

2. አማርኛ ባዶውን የሚተወውን ስም አልብሱት

ከዚህ ጽሑፍ አንዲት ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህችን ያዙ፦ በእንግሊዝኛ የሚቆጠር ስም ነጠላ ከሆነ ብቻውን አይቆምም። «ኧ»፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ»፣ «ኤቭሪ»፣ አንዱ ከፊቱ መኖር አለበት። አማርኛ እንዲህ ያለ ግዴታ ስለሌለበት አብዛኛው ስሕተታችን የሚመጣው ከዚህ ነው።

በተለይ ሙያ ላይ። «አስተማሪ ነኝ»፣ «ነርስ ናት»፣ «ሾፌር ነበር» ስንል ስሙ ባዶ ነው። እንግሊዝኛው «አይ አም ኧ ቲቸር»፣ «ሺ ኢዝ ኧ ነርስ»፣ «ሂ ዎዝ ኧ ድራይቨር» ይላል። የልጅቷ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የተሰናከለው እዚህ ነው።

ቀጥሎ አንድ ብቻ የሆኑ ነገሮች አሉ። «ፀሐይ ወጣች»፣ «መንግሥት አስታወቀ»፣ «ፖሊስ ያዘው» እንላለን፤ የትኛው ፀሐይ፣ የትኛው መንግሥት ብሎ የሚጠይቅ ስለሌለ ምልክት አንጨምርም። እንግሊዝኛ ግን የታወቀ ነገር ነውና «ዘ» ይጠይቃል፦ «ዘ ሳን»፣ «ዘ ገቨርንመንት»፣ «ዘ ፖሊስ»።

«ውሻ ታማኝ ነው» ስንል ደግሞ ስለ አንድ ውሻ አይደለም የምናወራው፣ ስለ ዘሩ ሁሉ ነው። በእንግሊዝኛ ቀላሉ መንገድ ያለ አርቲክል፣ ማለትም ያለ «ኧ»፣ «አን» ወይም «ዘ»፣ ብዙ ቁጥር ማድረግ ነው፦ «ዶግስ አር ሎያል»። «ዘ ዶግስ» ካላችሁ ሰሚው «የትኞቹ ውሾች?» ብሎ ዞር ዞር ይላል።

የማይቆጠሩት ስሞች ራሳቸውን የቻሉ ራስ ምታት ናቸው። «አንድ ምክር ልስጥህ» ማለት ለእኛ ቀላል ነው፤ «መረጃዎች»፣ «ዜናዎች»፣ «የቤት ዕቃዎች» እያልንም እናበዛለን። በእንግሊዝኛ «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ኒውስ»፣ «ፈርኒቸር»፣ «ሆምወርክ»፣ «ለጌጅ» አይቆጠሩም። ስለዚህ «ኧ»ም የብዙ ቁጥር «ስ»ም አይቀበሉም፤ በ«ኒውስ» መጨረሻ ያለችው «ስ» የቃሉ የራሱ ናት። መቁጠር ካስፈለገ «ኧ ፒስ ኦፍ አድቫይስ» ይባላል፤ ካላስፈለገ «ሳም» ይበቃል። ዳቦም ከዚሁ ወገን ነው፦ «ሁለት ዳቦ ስጠኝ» የሚለው ደንበኛ በእንግሊዝኛ «ቱ ሎቭስ ኦፍ ብሬድ» ማለት አለበት።

3. «ኧ» ወይስ «አን»? ቃሉን በግዕዝ ፊደል ጻፉት

መማሪያ መጻሕፍት «ከአናባቢ በፊት አን» ይላሉ፤ ተማሪው የላቲኑን ፊደል ያይና ይሳሳታል። ወሳኙ ድምፁ ነው፣ ፊደሉ አይደለም። ለዚህ ደግሞ እንግሊዞቹ የሌላቸው መሣሪያ በእጃችን አለ፤ ፊደላችን የሚሰማውን ይጽፋል። የእንግሊዝኛውን ቃል እንደሚነገረው በፊደላችን ጻፉት። የመጀመሪያው ፊደል ከ«አ» ቤት ከሆነ «አን»፣ ከሌላ ከማንኛውም ቤት ከሆነ «ኧ»።

«አወር» በላቲኑ የሚጀምረው ሀ ተብላ በምትነበበው ፊደል ነው፤ ነገር ግን ስንጽፈው በ«አ» ይጀምራል፣ ስለዚህ «አን አወር»። «ዩኒቨርሲቲ» በላቲኑ በአናባቢ ይጀምራል፤ በፊደላችን «ዩ» ነው፣ «ዩ» ደግሞ ከ«የ» ቤት ነው፣ ስለዚህ «ኧ ዩኒቨርሲቲ»። «ዩኒፎርም» «ኧ»፣ «አምብሬላ» «አን»። «ሆቴል» «ኧ»፣ «ኦነስት ማን» «አን»። እኛም ራሳችን «አን ኢቲዮፒያን» ነን።

ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ዘዴ በምሕጻረ ቃላት ላይ ወርቅ ነው። «ኧ ቢ ኤ ዲግሪ» ትላላችሁ፣ ነገር ግን «አን ኤም ኤ ዲግሪ»፤ «ኤም» በ«ኤ» ይጀምራልና። «አን ኤን ጂ ኦ» ውስጥ ሠርታችሁ ይሆናል፣ «ኧ ዩ ኤን ኦፊስ» ውስጥም ሊሆን ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር አለ፤ የምትጽፉት የእንግሊዝኛውን ድምፅ እንጂ የአማርኛውን ስም መሆን የለበትም። «አውሮፓ» በ«አ» ስለሚጀምር ብላችሁ «አን» ብትሉ ትሳሳታላችሁ፤ እንግሊዝኛው «ዩሮፒያን» ነውና «ኧ» ይቀበላል።

ይኸው ዘዴ ለ«ዘ» አነባበብም ይሠራል። ጽሑፉ ባይለወጥም ከ«አ» ቤት በፊት ሲመጣ «ዚ» ተብሎ ይነበባል፦ «ዘ ባንክ»፣ ግን «ዚ ኦፊስ»። በነገራችን ላይ እንግሊዞቹ ራሳቸውም በዚህች «ን» ተደናግረዋል። ሽርጥ በቀድሞ ዘመን «ኧ ኔፕረን» ይባል ነበር፤ አፍ ላይ «ን»ዋ ወደ ፊተኛው ቃል ተጠግታ «አን ኤፕረን» ሆነ፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ቀርቷል።

4. የቦታ ስሞች

እዚህ ብዙ አልቆይም፤ አብዛኛው የቦታ ስም ባዶውን ይሄዳል። ወንዞች ግን «ዘ» አላቸው፦ «ዘ ብሉ ናይል»፣ «ዚ አዋሽ»። ሐይቅና ነጠላ ተራራ የላቸውም፦ «ሌክ ጣና»፣ «ማውንት ኬንያ»። የተራሮች ሰንሰለት ሲሆን ተመልሶ ይመጣል፦ «ዘ ሲሚየን ማውንተንስ»። አገሮች ባዶ ናቸው፤ በስማቸው ውስጥ «ግዛቶች» ወይም «ሪፐብሊክ» የመሰለ ቃል ካለ፣ ወይም ስሙ ብዙ ቁጥር ከሆነ ግን «ዘ» ይገባል። አሜሪካና ዱባይ ዘመድ ያለው ሁሉ ይህችን ይያዝ፦ «ማይ ብራዘር ሊቭስ ኢን ዘ ዩናይትድ ስቴትስ»፣ «ኢን ዘ ዩናይትድ አረብ ኤምሬትስ»፤ ወንድሙ ሆላንድ ከሆነም «ኢን ዘ ኔዘርላንድስ»።

ተቋማት ላይ «ኦፍ»ን ተመልከቱ። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» በእንግሊዝኛም ባዶውን ነው፤ «ዘ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ጎንደር» ግን «ኦፍ» ስላለበት «ዘ» ይወስዳል። «ዘ ኮሜርሻል ባንክ ኦፍ ኢትዮጵያ»ም እንዲሁ።

5. «በ»ን አትተርጉሙ

አሁን ወደ መስተዋድዶቹ እንግባ። ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ «በሰኞ ዕለት በሁለት ሰዓት በአውቶቡስ መጥቼ፣ በበሩ ቆሜ፣ በእስክሪብቶ በአማርኛ ጻፍኩ።» ስድስት «በ» አለ። በእንግሊዝኛ እነዚህ በተራቸው «ኦን»፣ «አት»፣ «ባይ»፣ «አት»፣ «ዊዝ» እና «ኢን» ይሆናሉ። አንድ ለአንድ የሚገጥም ትርጉም የሚፈልግ ሰው እዚህ ይሰምጣል። «በ»ን ስታዩ «ትርጉሟ ምንድን ነው?» አትበሉ፤ «ስለ ቦታ ነው? ስለ ጊዜ? ስለ መሣሪያ? ስለ መጓጓዣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ቦታ ከሆነ አማርኛው ላይ «ውስጥ» ወይም «ላይ» ጨምሩበት። «በሳጥኑ ውስጥ» ካስኬደ «ኢን»፣ «በጠረጴዛው ላይ» ካስኬደ «ኦን»። ሁለቱም ካልተመቹና ቦታው እንደ ነጥብ ብቻ ከታየ «አት» ነው። ሰፈር ይዞን የሚኖር ነገር ነው፣ ስለዚህ «አይ ሊቭ ኢን ቦሌ»፤ መቀጣጠሪያ ግን ነጥብ ነው፣ ስለዚህ «አይ ዊል ሚት ዩ አት መስቀል ስኩዌር»።

«ላይ» ግን አንዳንዴ ይዋሻል። «ሠርግ ላይ ተገናኘን» ስንል ከምንም ነገር በላይ አልቆምንም፤ እንግሊዝኛው «ዊ ሜት አት ኧ ዌዲንግ» ነው። «በር ላይ ቆሟል»ም «ሂ ኢዝ ስታንዲንግ አት ዘ ዶር» ይባላል። «ኦን ዘ ዶር» ካላችሁ ሰውየውን እንደ ማስታወቂያ ሳንቃው ላይ ለጠፋችሁት። ስለዚህ «ላይ» ስትሉ ነገሩ በእርግጥ ገጹን ይነካ እንደሆነ በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት።

ጊዜ ከሆነ መጠኑን መዝኑ። ትንሹ፣ የሰዓቱ ነጥብ፣ «አት»፤ ቀን «ኦን»፤ ከቀን የሚሰፋው፣ ወር፣ ዓመት፣ ወቅት፣ «ኢን»። «አት ኤይት ኦክሎክ»፣ «ኦን መንደይ»፣ «ኢን ማርች»። ጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው፣ የቀኑ ስም ከመጣበት ግን ቀኑ ያሸንፋል፦ «ኦን መንደይ ሞርኒንግ»። ሌሊት ከደንቡ አፈንግጦ «አት ናይት» ይባላል። «በሚቀጥለው ሰኞ» ደግሞ ምንም መስተዋድድ አይፈልግም፤ «ኔክስት መንደይ» ብቻ ነው።

ሰዓት ከተነሳ አንድ የራሴን ልናገር። ከዓመታት በፊት ከአንድ የውጭ አገር ሰው ጋር «አት ቱ ኦክሎክ» ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ። መስተዋድዱ እንከን አልነበረውም። እኔ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደረስኩ፤ እርሱ በራሱ ሁለት ሰዓት፣ ማለትም በእኛ ከቀኑ ስምንት ሰዓት መጣ። ስድስት ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የተማርኩትን ለልጅቷም ነገርኳት፦ በእንግሊዝኛ ስትጽፉ ከመስተዋድዱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርም አሻግሩት።

መጓጓዣ ሲሆን፣ መንገዱን ብቻ ለመናገር «ባይ» ያለ አርቲክል ይበቃል፦ «ባይ ባስ»፣ «ባይ ታክሲ»። በእግር ግን «ኦን ፉት»። ተሳፋሪው ያለበትን ለመናገር ከሆነ፣ ቆማችሁ ልትንቀሳቀሱበት የምትችሉት አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን «ኦን» ይወስዳል፤ ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት የቤት መኪና «ኢን»። መሣሪያ «ዊዝ» ነው፣ ቋንቋ «ኢን»፣ አድራጊው ሰው «ባይ»። ችሎታ ደግሞ «አት»፦ «ጉድ አት ኢንግሊሽ»።

6. «ከ»ን ተጠንቀቁ

ሦስት ቦታ ላይ በተደጋጋሚ ታሳስታለች። የመጀመሪያው «ከሁለት ዓመት በፊት» ነው። «ቢፎር ቱ ይርስ» ቃል በቃሉ ትክክል ይመስላል፤ ከአሁን ወደ ኋላ ስንቆጥር ግን እንግሊዝኛ «አጎ» ይላል፣ እርሱንም ከመጨረሻው ያስቀምጠዋል፦ «ቱ ይርስ አጎ»። ከአሁን ወደ ፊት ሲሆን፣ «ከሦስት ቀን በኋላ እመጣለሁ» ለማለት፣ «ኢን ስሪ ዴይስ» ይባላል።

ሁለተኛው ማወዳደሪያ ነው። «ከእርሱ ትበልጣለች» የሚለውን «ፍሮም» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ትክክሉ «ዛን» ነው። ሦስተኛው ጋብቻ ነው፤ «ከእርሱ ጋር ተጋብታለች» ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» ይቀናናል፣ እንግሊዝኛው ግን «ማሪድ ቱ» ነው።

7. ግሱን ከነጓደኛው ያዙት

አንዳንድ ግስ በአማርኛ መስተዋድድ አለው፣ በእንግሊዝኛ የለውም። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» «ዊ ዲስከስድ ዘ ማተር» ነው፣ «አባውት» ትርፍ ነው። «ወደ ክፍሉ ገባ» «ሂ ኤንተርድ ዘ ሩም»። «ወደ ቤት ሄድኩ» «አይ ዌንት ሆም»። «ወደ ውጭ አገር ሄደች» «ሺ ዌንት አብሮድ»። «ደወልኩለት» «አይ ኮልድ ሂም»።

ሌላው ወገን ተቃራኒ ነው፣ ለእኛም ይበልጥ የሚከብደው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ ተቀባዩን ሰው ከግሱ ጋር ይሰፋዋል። «ጠበቀኝ» በሚለው ውስጥ «እኔን» ተደብቋል፣ «አስረዳኝ» ውስጥም እንዲሁ። ስለዚህ «ሂ ዌይትድ ሚ»፣ «ሂ ኤክስፕሌንድ ሚ» እንላለን። ትክክሉ «ዌይትድ ፎር ሚ»፣ «ኤክስፕሌንድ ኢት ቱ ሚ» ነው። «ሙዚቃ አዳመጥኩ» ለማለትም «ሊስን ቱ» ያስፈልጋል። እነዚህን የሚያድን ደንብ የለም። አዲስ ግስ ወደ ደብተራችሁ ስታስገቡ ብቻውን አታስገቡት፤ «ዌይት» ብላችሁ ሳይሆን «ዌይት ፎር» ብላችሁ መዝግቡ።

8. ጽሑፋችሁን ሁለት ጊዜ አንብቡ

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሁሉንም ነገር በአንድ ንባብ ለማረም አትሞክሩ። በመጀመሪያው ንባብ ስሞቹን ብቻ አስምሩባቸው፤ ነጠላና የሚቆጠር ሆኖ ከፊቱ ባዶ የሆነ ካለ እዚያው ያዙት። በሁለተኛው ንባብ መስተዋድዶቹን ክበቧቸው፤ እያንዳንዱን ከአማርኛ ያመጣችሁት ነው ወይስ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከጥርጣሬ ላይ ከወደቃችሁ መዝገበ ቃላቱን ክፈቱ፤ ጥሩ መዝገበ ቃላት ከግሱ አጠገብ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር አለው።

ለልምምድ ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጋዜጣ አንድ አጭር ዜና ገልብጣችሁ «ኧ»፣ «አን»፣ «ዘ» እና መስተዋድዶቹን ሁሉ ደምስሱ። አንድ ቀን አሳድሩትና ባዶዎቹን ሙሉ፣ ከዚያ ከዋናው ጋር አስተያዩት። የተሳሳታችሁባቸው ቦታዎች ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ እንደሆኑ ታያላችሁ፤ ደብተር ላይ የሚሰፍሩት እነርሱ ናቸው።

ልጅቷም ወረቀቷን በዚሁ መንገድ አጠገቤ ቁጭ ብላ ራሷ አረመችው። «አባውት»ን ስትሰርዝ ትንሽ ተከራከረችኝ፤ በመጨረሻ የወጣው ይህ ነው፦

«አይ አም አን አካውንታንት። አይ ግራጁዌትድ ቱ ይርስ አጎ። አይ አም ጉድ አት ኢንግሊሽ። አይ ዎንት ቱ ዲስከስ ዘ ጆብ። አይ ዊል ካም ቱ ዩር ኦፊስ ኦን መንደይ አት ኤይት ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ።»